ከኮሌታው ሥር

«ለእሱ አበባ አልቆጠርኩም» አለች እናትየው ከጣውላው ግድግዳ ማዶ። «ከኋላ ይቀመጥ። እዚያ ማንም አያየውም፤ እሱም አይጨነቅም።»

ታናሺቱ በወዲህኛው ክፍል ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያዋን ከጨርቁ ላይ አንስታ በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ግድግዳው ቀለም የተቀባ ስስ ጣውላ ስለነበር በዚህ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር ብዙም አይሠራም፤ ሰው ምሥጢር ሲኖረው ድምፁን ከመቀነስ ይልቅ ቧንቧ ይከፍት ነበር። ዛሬ ግን እናትየው ቧንቧውን ረስታዋለች። ታናሺቱ የእህቷን መልስ ጠበቀች። ሙሽራዋ ጥፍሯን እየሞረደች እንደነበር ከድምፁ ይታወቅ ነበር፤ ከች ከች የሚለው የመሞረጃው ድምፅ ቆመ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ታናሺቱ ሦስት አራት መልስ በልቧ አዘጋጅታ ለእህቷ ልታውሳት ሞከረች። ከዚያ መሞረጃው እንደገና ከች ከች ማለት ጀመረ፣ ከድምፁም መሀል «እንዳልሽ» የሚል አንድ ቃል ብቻ መጣ።

የተባለው ስለ ጋሼ ነው። ጋሼ የእናታቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ከእነሱ ጋር የኖረ፣ ጫማ እየሰፋ ሁለቱንም ያስተማረ። ዓምና አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑን የያዘው በሽታ እጁንና የአፉን አንድ ወገን ይዞበት ቀረ። ከዚያ በላይ ግን እናትየውን ያስቸገራት እንባው ነበር። ሐኪሙ በሽታው ያመጣው ነው ብሏል፤ የኀዘን እንባ አይደለም፣ የደስታም አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ነው። በቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ እያየ ያለቅሳል። ሽንኩርት ስንት ገባ ሲባል ያለቅሳል። የሙሽራው ወላጆች ለትውውቅ በመጡ ቀን ደግሞ፣ እንግዶቹ ገና ከመቀመጣቸው፣ ከተጣመመው አፉ ድምፅ እያወጣ እንደ ሕፃን አነባ። የሙሽራው እናት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በሩን ሲያዩ እናትየው አይታቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

አበባው ባይሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ አይከርም ነበር። ያለፈው ሳምንት ፎቶ አንሺው ቤት መጥቶ የአሠራሩን ሁኔታ አስረድቷቸው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ይኖራል፣ ማን የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስም እየጠራሁ ብውል ቀኑ ይመሽብኛል፤ ስለዚህ «ደረቱ ላይ አበባ ያለው ሁሉ ወደፊት» እላለሁ፣ አበባ ያለው ቤተሰብ ነው፣ የሌለው እንግዳ ነው አለ። ሁሉም ብልህ ሰው ነው ብለው አደነቁት። ከዚያ ወዲህ በፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው የአበባ ዝርዝር የቤተሰብ ዝርዝር ሆነ። ሙሽራው፣ አራት ወንድ ሚዜዎች፣ ታናሺቱን ጨምሮ አራት ሴት ሚዜዎች፣ ሁለቱ እናቶች፣ የሙሽራው አባት፤ በመጨረሻም በእናትየው የጠራ ጽሕፈት «በአባት ቦታ» የሚል፣ ከሌላ ከተማ ለሚመጣው ለአባታቸው ወንድም። ይህ ሰው በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥቷል፤ በሁለተኛው ጊዜ ታናሺቱን በእህቷ ስም ጠርቷት ነበር። ግን ቁመናው ያምራል፣ አያለቅስም። ሁሉም ሲደመሩ አሥራ ሦስት ናቸው።

እናትየው ዝርዝሩን ከፍሪጁ ላይ ነቅላ ይዛ ገባች። የካውያውን መቆም አየች፣ ልጇም ፊቷን አየች፤ ሁለቱም ግድግዳውን አላነሡም። እናትየው የሴት ሚዜዎቹን ቀሚስ ቁራጭ ጨርቅ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፣ ቀለሙ ከዚህ ጋር ካልሄደ ወዮልሽ የሚል ነገር በለሰለሰ ቃል አለቻት፣ ባለ አበባዋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ትእዛዝ እንደማትቀበል አስታወሰቻት፣ ለእናቶቹ በእጅ አንጓ የሚታሰር እንዲሆን፣ የእሷ ቀሚስ ሐር ስለሆነ እስፒል ከነካው እንደሚተረተር ነገረቻት። በሩ ጋ ደርሳ ከቆመች በኋላ ነው ዋናውን የተናገረችው።

«የእሱን ኮት ይዘሽው ሂጂና አጥብቢው። ያቺን ክርም ቁረጫት። የማይሆን ነገር እንዳይጠብቅ።»

«እሺ» አለች ታናሺቱ። የገዛ ድምፅዋ እንደ እህቷ «እንዳልሽ» ሆኖ ተሰማት።

ክሯ የእሷ ጥፋት ነበረች። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የወንድ ሚዜዎቹን ኮቶች ሲሰፋ፣ ከግራ ኮሌታው ሥር፣ ከቁልፍ ቀዳዳው ዝቅ ብሎ፣ የአበባው ግንድ የሚያርፍበት ትንሽ የክር ቀለበት እንድታደርግ ታዛ ነበር። ግንዱ በቀዳዳው ገብቶ በቀለበቱ ሲያልፍ አበባው ያለ እስፒል ቀጥ ብሎ ይቆማል። አራቱን ኮት ከጨረሰች በኋላ ማታ ቤት ውስጥ የጋሼን ኮት የላላ ቁልፍ ልታጠብቅ ይዛው ስትቀመጥ፣ እጇ ማንንም ሳይጠይቅ ያንኑ ቀለበት ሠራ። ዝርዝሩ ያን ጊዜ አልተጻፈም። ጋሼ ይህች ደግሞ ምንድን ናት ብሎ ሲጠይቃት የአበባህ መያዣ ናት አለችው፤ እንዲህ እንደ ዋዛ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በደህናው ግራ እጁ እርሳስ ይዞ በቀዳዳው ማስገባት ሲለማመድ ታየው ነበር። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አሁን አሁን በአንድ ሙከራ ያስገባዋል።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ዝቅ ባለች ዱካው ላይ ተቀምጦ የቤቱን ሰው የሠርግ ጫማ ሁሉ ፊት ለፊቱ ደርድሮ፣ እያንዳንዱን በጉልበቶቹ መሀል ወጥሮ በግራ እጁ ይቦርሻል። የእሱ ጫማ ከረድፉ መጨረሻ ላይ ነበረች፣ ገና ተራዋ አልደረሰም። ከታመመ ወዲህ ታናሺቱን «ጣቶቼ» ነው የሚላት፤ የጫማውን ክር የምታስርለት፣ ቁልፉን የምትቆልፍለት እሷ ስለሆነች።

«ጣቶቼ» አላት ሳያያት፣ «አበባው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ከራባቴን እንዳስማማ ብዬ ነው።»

ገና አልመረጥኩም አለችው። ከራባቱ ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ ቡኒ አንዱ ሰማያዊ፤ ሁለቱም ከምንም አበባ ጋር አይሄዱም። እሱ ግን ስትመርጪ ንገሪኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ምርጫ ያበዛሁ ሰው ነኝ ብሎ በአንድ ወገን ሳቀ። ኮቱን የያዘችበትን ፌስታል ከኋላዋ ደብቃ በጎን አለፈችው፤ ምን እንደምትደብቅ ለራሷም ግልጽ አልነበረም፣ ኮቱ እንደሚጠብ እሱም ያውቃል። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ እንዳይጨማደድ ፌስታሉን ከሰው ጭንቅላት በላይ አንጠልጥላ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ክንድሽን አውርጂ እያለ ሲነጫነጭባት ሄደች። ክሯ ያላትን ክብደት ታውቃለች፤ ሚዛን ላይ ብትወጣ መርፌው አይነቃነቅም። ግን ክንዷን ያዛለችው እሷ ናት።

ስፌት ቤቱ ሦስት የስፌት መኪና የምታስገባ ጠባብ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ስር ያላለቁ ልብሶች እንደ ሰው ተሰልፈው ይንጠለጠላሉ። ባለቤቱን ሁሉም «ሜትሩ» ይሉታል፤ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም፣ ሚስቱ ስትተኛም ከነሜትሩ ነው የምታገኘው እየተባለ ይቀለድበታል። ከበሩ እንደገባች ዛሬ ሠርገኛ ስለሆነች ማንም እንዳይናገራት፣ ከደነገጠች መርፌ እንደምትውጥ ለሌሎቹ አስጠነቀቀ። እሷ ሳትስቅ ኮቱን ገልብጣ የጎኑን ስፌት መፍታት ጀመረች። ጋሼ ከስቷል። በየጎኑ ሁለት ጣት አጠበበችው፣ ከጀርባም ትንሽ፤ ስትጨርስ ኮቱ የሌላ፣ የጠበበ ሰው ኮት መሰለ። ሲተኮስ እንዳያስቸግር ኪሶቹን ስትፈትሽ ከግራው ኪስ እርሳሱ ወጣ። ሁለቱም ጫፉ ተሞርዶ ዶልዱሟል፤ ጨርቁን እንዳይቦጭቅ ይሆናል በአሸዋ ወረቀት ያለሰለሰው። መልሳ ከተተችው። ከዚያ ኮሌታውን ገልብጣ ትንሿን መቀስ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሣች። እናቷ ማታ ኮሌታውን ገልብጣ እንደምታይ ታውቃለች። እናቷ የምታይ ሴት ናት።

ቆረጠችው። ድምፅ እንኳን አልነበረውም።

ሜትሩ ከትከሻዋ በላይ ቆሞ ኖሯል። ምንም ያልሆነ ስፌት ለምን እንደቆረጠች ጠየቃት። አያስፈልግም ተባለ አለችው።

«ማነው ያለው?» አለ ሜትሩ። «ኮቱ ነው?» በራሱ ቀልድ ስቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷ ቀለበቷን ወለሉ ላይ ካለው የጨርቅ ብጥስጣሽ ጋር ልትጥላት እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀች። ምስር የምታክል ነገር ናት። በመጨረሻ የቀሚሱ ቁራጭ በተጠቀለለበት ወረቀት ውስጥ ከተተቻት፣ ሰዓቱ አምስት ከሩብ ሆኖ ነበርና ወጣች።

የአበባ መሸጫው ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ቤት ነው። በር ላይ ሲደርሱ ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ባለ አበባዋ የጎማ ቦቲ ያደረገች፣ ጣቶቿ በእሾህ ተቧጭረው በፕላስተር የተጠቀለሉ ሰፊ ሴት ናት፤ ለሰው ትሕትና አላት፣ አበቦቹን ግን ታመናጭቃቸዋለች። ለነገ ሁለት ሠርግ እንዳለባት፣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ እግዜር ራሱ ቢመጣ ትእዛዝ እንደማትጨምር ተናግራ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ጎተተችላት። ታናሺቱ ቁራጭ ጨርቁን ከወረቀቱ ውስጥ ስባ አወጣች። የኮክ ፍሬ ቀለም ነው፤ ብርቱካናማም አይደል፣ ሮዝም አይደል። ከመደርደሪያው በላይ ባለው አምፖል ሥር ከአንደኛው ጽጌረዳ ጋር ፍጹም ሄደላት። ግን ልብስ ሰፊ ናትና አምፖልን አታምንም፤ ጨርቁንም አበባውንም ይዛ ደረጃውን ወጥታ በቀን ብርሃን አየቻቸው። ጽጌረዳው ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ። ተመልሳ ሌላ ያዘች፣ ወጣች፤ ገባች፣ ወጣች። አራት ጊዜ ከተመላለሰች በኋላ ባለ አበባዋ ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ ደረጃ ላይ ብላ ጠየቀቻት።

ካርኔሽን ብትወስድ ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል፣ ያለ ውኃም እስከ ማታ ይቆማል፤ እህቷ ግን ካርኔሽን የቢሮ አበባ ነው ብላለች። ሊሊ ቢሆን ዱቄቱ ኮት ላይ ከወደቀ አይለቅም፣ ይህን ሜትሩም ያውቃል፣ ባለ አበባዋም መሀሉን በመቀስ ካልገፈፍኩት አልሸጥም አለች። ጽጌረዳው ያምራል፣ ግን ከፈነዳ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ቡኒ ይሆናል። ባለ አበባዋ እንዴት እንደሚመረጥ አሳየቻት፤ እምቡጡን ከሥሩ፣ ከግንዱ በላይ፣ በሁለት ጣት ጫን ማድረግ ነው። ልል ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ጠንካራ ከሆነ ነገ ማታ ድረስ ይቆያል። ታናሺቱ እያንዳንዷን እምቡጥ እየጫነች፣ የእያንዳንዷን ባለቤት እያሰበች መረጠች። ለሙሽራው ነጭ፣ ለሌሎቹ የኮክ ቀለም፣ ሥሩ ላይ የምታርፍ አንዲት ቅጠልና ጭስ የመሰሉት ትናንሽ ነጫጭ አበቦች። በአባት ቦታ ለሚቆመው ሰው ተለቅ ያለ። ይህን ስትመርጥ ጣቷ ሳያስፈልግ ጠበቅ አድርጎ ጫነው መሰል፣ ባለ አበባዋ ቀስ በይ፣ ደግሞ እሱ ምን አጠፋ አለቻት።

የባለ አበባዋ እጅ እርጥብ ስለሆነ በየአበባው ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ የስም ወረቀት የሚጽፈው ደንበኛው ነው። ታናሺቱ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና አሥራ ሦስቱን ወረቀት ጻፈች። ሙሽራ። ሚዜ። ሚዜ። እናት። በአባት ቦታ። ጽሕፈቷ ትንንሽና ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ስፌቷ። ስትጨርስ ባለ አበባዋ የመጨረሻውን ቀለም ላረጋግጥ ብላ ጨርቁን ጠየቀቻት፤ ታናሺቱ መልሳ የጠቀለለችበትን ወረቀት ስትፈታ ቀለበቷ በእርጥቡ ጠረጴዛ ላይ ወደቀች። ባለ አበባዋ አቧራ መስሏት በመዳፏ ልትጠርጋት ስትል ታናሺቱ እጇን ያዘቻት። አጥብቃ ነበር የያዘቻት። ሁለቱም ደነገጡ።

«ይቅርታ» አለች ታናሺቱ።

ባለ አበባዋ ክሯን አየቻት፣ ልጅቱን አየቻት፣ ምንም አልጠየቀችም። ሥራ አለባት። ትልቁን መቀስ አንስታ በሌላ እጇ የጽጌረዳውን እቅፍ ይዛ፣ በጠቅላላ ስንት እንደሆነ አንድ ጊዜ ንገሪኝና ልቁረጥ አለቻት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ታናሺቱ በሕይወቷ እናቷ የጻፈችውን ቁጥር ለውጣ አታውቅም፤ ገበያ ስትላክ ሁለት ኪሎ ከተባለች ሁለት ኪሎ ነው።

«አሥራ አራት» አለች።

«አሥራ ሦስት ወረቀት ነው የጻፍሽው።»

«አሥራ አራት ነው።»

ለጨመረችው ከራሷ ከፈለች። ለመምረጥም አልዘገየችም፤ ከሁሉ በፊት ጭና ያስቀረቻት፣ ከሁሉ የጠነከረች አንዲት እምቡጥ ነበረች። ባዶውን ወረቀት ተቀብላ እስክሪብቶውን አስጠጋች። «ጋሼ» ብላ ብትጽፍ እናቷ ሳጥኑን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን ይሆናል፤ እስክሪብቶው አንዲት ነጥብ ብቻ ጥሎ ተነሣ። ባዶውን እሰሪው አለች። አበቦቹ በሽቦና በሪባን እስኪታሰሩ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እዚያው ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ እየቀዘቀዘ፣ ቤት ስትደርስ የምትለውን አዘጋጀች። ባለ አበባዋ መርቃልኝ ነው። ተሳስታ ነው። አንዱ ቢበላሽ ብዬ ነው። እያንዳንዱን ውሸት እንደ እምቡጡ ከሥሩ ጫን አድርጋ ሞከረችው፤ ሁሉም ልል ነበር።

ቤት ስትደርስ በሩን የከፈተላት ጋሼ ነው። ጫማዎቹ አልቀዋል፣ ኮሪደሩ ላይ በየጥንድ ተሰልፈው ያበራሉ። የካርቶን ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እሱ ግን ዓይኑ ኮቱ ላይ ነበር። አልብሽኝ እስኪ አላት። ቀኝ እጁን አስቀድማ አስገባችለት፣ ትከሻውን አስተካከለች። በመስታወቱ ፊት ቆሞ ራሱን አየ። ከዚያ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወጣና ከኮሌታው ሥር ገባ። ጣቶቹ በጨለማ የመብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው ወዲህና ወዲያ አሉ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፤ ከዚያ ቆሙ። ታናሺቱ ወለሉን አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

«ልክ ሆኗል» አለ ጋሼ። «ደህና አድርገሽ ነው ያጠበብሽው።» እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው፤ ወደ ዱካው ሄዶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ የራሱን ጫማ አንስቶ መቦረሽ ጀመረ።

እናትየው እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች፣ ሙሽራዋም ፀጉሯ በመጠቅለያ እንደተያዘ በሩ ላይ ቆመች። እናትየው ሳጥኑን ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፊቷ ፈታ አለ፤ አፍንጫዋን ወደ አበቦቹ አስጠግታ፣ ከቀሚሱ ጨርቅ ጋር አስተያይታ፣ ይሄማ የአንቺ እጅ ነው አለች፣ ትልቅ ምስጋና ነበር። ከዚያ ወረቀቶቹን እያነበበች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሙሽራ፣ ሚዜዎች፣ የራሷን ከእጅ አንጓዋ ጋር ለክታ ፈገግ አለች። በአባት ቦታ። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ቀረች። አወጣቻት፣ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ይቺስ የማን ናት?»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይል ነበር። የብሩሹ ድምፅ ቆመና ጋሼ ከዱካው ላይ ሆኖ፣ ቀለል ባለ ድምፅ ተናገረ።

«መጠባበቂያ ትሆናለቻ። አበባ አይደል፣ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይረገጣል።»

«አዎ» አለች እናትየው ቶሎ ብላ። «መጠባበቂያ ነው። ደህና አስበሻል።» እምቡጧን ወደ ሳጥኑ ልትመልሳት ነው። የማምለጫው በር ተከፍቷል፣ የቀረው መውጣት ብቻ ነው፤ ባልዲው ላይ ተቀምጣ ስትፈልገው የዋለችውን ውሸት ጋሼ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጥቷታል፣ ጠንካራም ነበር፣ እስከ ነገ ማታ ይቆያል።

«አይደለም» አለች ታናሺቱ። ድምፅዋ ቀጠነባት። «መጠባበቂያ አይደለችም። የጋሼ ናት።»

እናትየው አበባውን እንደያዘች ዞረች። አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ምን ብዬሽ ነበር አለቻት፤ ቁጣ አልነበረም፣ ከቁጣ የሚብስ ድካም ነበር። መልሱ የመጣው ከዱካው ነው።

«ተያት እትዬ። ጠዋት ያልሻትን እኔም ሰምቻለሁ። አፌ ነው የተጣመመው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ታናሺቱ ያን ጊዜ ነው የገባት። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የአበባውን ቀለም የጠየቃት ሰምቶ ነው። ሰምቶ፣ ከራባቱን ሊያስማማ ጠየቃት። እርሳሱንም ከኪሱ ሳያወጣ ኮቱን ይዛ እንድትሄድ ተዋት።

እናትየው ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ የእምቡጧን ሪባን በአውራ ጣቷ ስታሻሽ ቆየችና እሱን ሳታይ፣ ሙሽራዋን እያየች፣ «ያለቅሳል እኮ» አለች። «ያ ሁሉ ሰው ፊት። ካሜራው ፊት።»

«አዎ፣ አለቅሳለሁ» አለ ጋሼ። «እኔ አልጠራውም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። አልመጣም ብዬ ብምልልሽ ውሸት ነው።»

«ያልቅስ» አለች ሙሽራዋ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ሙሽራዋ ፀጉር መጠቅለያዎቿን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ጠዋት ያልተሞረደችው አንዲት ጥፍሯ ወጣ ብላ እየታየች፣ ቀና አላለችም። «አንቺም ታለቅሻለሽ» አለች ለእናቷ። «እኔም አለቅሳለሁ። ጠዋት ነበር ይሄን ማለት የነበረብኝ።»

እናትየው ተነሥታ ወደ ወንድሟ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ የኮቱን ኮሌታ ገለበጠች፣ ከሥሩ በጣቷ ዳሰሰች። የተቆረጡት የክር ጫፎች ሁለት ትናንሽ ፀጉሮች መስለው ቀርተዋል። ጫፎቹን አንድ ጊዜ በጣቷ አስተኛቻቸው፣ ተመልሰው ቆሙ።

«ቆርጠሽዋል» አለች።

«ቆርጬዋለሁ» አለች ታናሺቱ።

«እንግዲህ መርፌ አምጪ።»

ኮቱን ልታወልቅለት ነበር፣ እናትየው ግን ተይው፣ በላዩ ላይ ስፊው፣ ደግሞ ልበስ ሲባል ደግሞ አውልቅ ሲባል ሊመሽ ነው አለች። ታናሺቱ ከዱካው ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች። እናትየው ኮሌታውን ገልብጣ ያዘችላት፤ ሙሽራዋ መብራቱን አብርታ ጥላዋ እንዳያጨልም አንገቷን ወደ ጎን አዘመመች። ታናሺቱ ክሩን አጠፈችው፣ ከዚያ እንደገና አጠፈችው፤ በአራት ክር የተሠራ ቀለበት በትንሽ መቀስ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ሁለተኛውን ስፌት ስትስብ ሞቅ ያለ ነገር አንጓዋ ላይ ጠብ አለ፣ ቀጥሎም ሌላ፤ ቀና አላለችም።

«ይኸው ጀመረ» አለች እናትየው፣ ኮሌታውን እንደያዘች። «አልቅስ፣ ዛሬ አልቅሰህ ጨርሰው።»

«ይሄ አያልቅም፣ እትዬ» አለ ጋሼ።

«አትነቃነቅ ታዲያ» አለች፣ «መርፌ ነው የያዘችው።» በነፃ እጇ ትከሻውን ያዘችው፣ ታናሺቱም ሦስተኛውን ስፌት ሳበች።